ዓሣ በአርዴብ፣ ቅርፊቱ ለብቻው

አርዴብ የምንለው ሌላው አገር ሮቃ የሚለውን ፍሬ ነው። ስሙን ከሱዳን በኩል ነው የወሰድነው፤ መተማም ሆነ ሽንፋ ገበያ ላይ ሮቃ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አዲስ መጪ መሆኑ ወዲያው ይታወቅበታል። ፍሬው ከዛፉ ሲወርድ እንደ ባቄላ ያለ ቡናማ ገለባ አለው። ገለባው ይነሣና ውስጡ ያለው ጠቆር ያለ ሥጋ ከነዘሩ ተጠፍጥፎ ይሸጣል። አፍ ሲገባ መጀመሪያ ዐይን ያስጨፍናል፣ ቀጥሎ ይጣፍጣል። ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ቡናማ ይሆናል፤ በስኳር ሲፈላ ደግሞ ጨርሶ ይጠቁራል። ይህን ቀለም አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ኋላ ችግር ያመጣው እሱ ነው።

ሽንፋ የተመደብኩት ከኮሌጅ እንደ ወጣሁ ነው። የተወለድኩት ጋይንት ደጋው ላይ ስለ ሆነ ቆላ ምን እንደሚመስል የማውቀው ከመጽሐፍ ነበር። ሳይንስ አስተምራለሁ። ነገርን ከነምክንያቱ ማስረዳት እወዳለሁ፤ ይህ ለክፍል ጥሩ ነው፣ ለጎረቤት ግን ይበዛል ይባላል። የማድርበት ክፍል ሥርዓት ነበረው፤ ጫማዬ በሩ ሥር፣ ጠመኔዬ ቆርቆሮው ውስጥ፣ ቆሻሻዬ ከቤቱ ጀርባ በቆፈርኩት ጉድጓድ። ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ነገር በጣልኩ ቁጥር ዝንብ እንዳይሰበሰብ አመድ እነሰንስበታለሁ። ተማሪዎቼም ቤታቸው እንዲህ እንዲያደርጉ አስተምሬያለሁ። አድርገውት ከሆነ አላውቅም።

የቤቱ ባለቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። እማማ ነው የምላቸው። በወጣትነታቸው ከባላቸው ጋር ከወገራ ወርደው፣ ጫካ መንጥረው፣ ማሽላና ሰሊጥ ሲያበቅሉ ኖረዋል። ባላቸው ካረፉ ቆይቷል፤ የተቀበሩትም እዚያው ሽንፋ ቤተ ክርስቲያን ነው። አንድ ልጃቸው ጎንደር ከተማ በመንግሥት ሥራ ይኖራል።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ ጥቅምት ላይ፣ ሰሊጥ በሚታጨድበትና ወባ በሚበረታበት ሰሞን፣ እማማ ታመሙ። ወባው በክኒን ለቀቃቸው። የምግብ ፍላጎታቸው ግን አልመለስ አለ። ገንፎ ተሠራ፣ ገፉት። ሾርባ ተሠራ፣ አሽትተው መለሱት። ዶሮ ታረደ፤ የበላሁት እኔ ነኝ።

«አፌ ሬት ሆነብኝ» ይላሉ። «መብላት ጠልቼ አይደለም ልጄ። ጉሮሮዬ ነው እንቢ ያለው።»

ወሬው ልጃቸው ዘንድ ደረሰ። ከጎንደር በሚመጣው አውቶብስ ረዳት በኩል መልእክት ላከ። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ እስከዚያ እህል መቅመስ ካልጀመሩ እሁድ ጠዋት ይዣቸው እወጣለሁ፤ ሰሊጥ የሚጭን መኪና ላይ ጋቢና አስይዣለሁ የሚል ነበር። ክፉ ልጅ አይደለም። እናቱን ስለሚወድ ነው። እማማ ግን መልእክቱን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ጎንደር ሄጄ ምን ልሠራ? ብርድ ልሸከም?» አሉ። ቀጥለውም፣ «እኔ ባሌ አጠገብ ቦታዬን አይቼ ጨርሻለሁ። ከዚህ የወጣሁ እንደ ሆነ አልመለስም» አሉ።

ይህ እውነት መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። በዚያ ዕድሜና በዚያ አቅም ተደግፎ ጋቢና የገባ ሰው ተመልሶ ቆላ አይወርድም። ስለዚህ እስከ ቅዳሜ ድረስ እማማ የሆነ ነገር መብላት ነበረባቸው፤ ሲበሉም ልጃቸው በዐይኑ ማየት ነበረበት። የሰው ወሬ ሰምቶ የሚመለስ ሰው አይደለም።

እህል እንቢ ቢልም አንድ ነገር ግን ይወርድላቸው ነበር። ጎረቤታችን ሻይ ትሸጣለች። ከድንበሩ ማዶ ገላባት ተወልዳ እዚህ ያገባች ሙስሊም ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ የፈጠነ ነው፣ ዐረብኛ የሚገባበት ስትናደድ ወይም ስትስማማ ብቻ ነው። በየማለዳው አርዴብ በውኃ አሽታ፣ ስኳር ጨምራ፣ በብርጭቆ ይዛ ትመጣለች። እማማ ጭልጥ ያደርጉታል።

«አየሽ፣ የእኔ ውኃ እህል ሆነልሽ» ትላቸዋለች።

«ውኃሽ ባይኖር ይኼኔ አልቅሰሽልኝ ነበር።»

«እኔ እንደ እናንተ ደረት መምታት አልችልበትም። ዝም ብዬ ነበር የምቀመጠው።»

«ለዚህ ነዋ ያልሞትኩት።»

ሁለቱ በአንድ አጥር ተለያይተው ብዙ ዓመት ኖረዋል። ሽሮውን፣ ወይካ የምንለውን የባምያ ወጥ፣ ዳቦውን ተቀባብለው ይበላሉ። ሥጋ ግን ከአንድ ሳህን በልተው አያውቁም፤ የአንዷን ክርስቲያን ይባርከዋል፣ የሌላዋን እስላም። የማይለያያቸው ሥጋ ዓሣ ብቻ ነው። ዓሣ ቢላዋ ሳይነካው ስለሚሞት ማንም አይባርከውም።

እኔ እነዚህን ነገሮች አንድ ላይ አስቀመጥኳቸው። ለእማማ ጎምዛዛ ይወርድላቸዋል። ዓሣ ለስላሳ ነው። ጎረቤታቸውም አብራ ልትበላ ትችላለች፤ ሰው ደግሞ ብቻውን የማይበላውን ከሰው ጋር ይበላል። ከዚያ በፊት ለስብሰባ መተማ ዮሐንስ ሄጄ፣ ሾፌሮች በሚበሉበት ቤት የተጠበሰ ዓሣ በወፍራም ጥቁር ነገር ተለብጦ ቀርቦልኝ ነበር። ጣፋጭም ጎምዛዛም ነው። የሠራው ሱዳናዊ አማርኛ አይችልም፣ እኔም ዐረብኛ አልችልም። አርዴቡን፣ ስኳሩን፣ ነጭ ሽንኩርቱን እያነሣ አሳየኝ። ማንኪያውን ገልብጦ፣ የማይንጠባጠብ ሲሆን በቃ ማለት እንደ ሆነ በእጁ ነገረኝ። እኔ ተማሪ ሆኜ እንደዚያ የተብራራ ትምህርት አላገኘሁም።

ቅዳሜ ማለዳ ወንዙ ዳር ወረድኩ። ጥቅምት ላይ የሽንፋ ወንዝ ጎርፉ አልፎ ሲጠራ አጥማጆች ዓሣቸውን በገመድ ሰክተው ይዘው ይቆማሉ። ያን ቀን ሁለት ዓይነት ነበር፤ ቀረሶና አምባዛ። ቀረሶ ገዛሁ። ለምን ቀረሶ እንደ ገዛሁ ማንም አልጠየቀኝም፤ ስለዚህ አላስረዳሁም። እንዲህ ያለ ነገር እኔ ላይ እምብዛም አይደርስም።

የተጠበብኩት ማጽዳቱ ላይ ነው። የታመመ ሰው ዐይን ያለው ምግብ ሲያይ ያቅለሸልሸዋል ብዬ ጭንቅላቱን ቆረጥኩ። ቅርፊቱን በቢላዋ ጀርባ ፋቅሁ። ከፋቅሁ በኋላ ደግሞ ቆዳው የጭቃ ሽታ ይይዛል ብዬ ገፈፍኩት። ጅራቱን፣ ክንፉን፣ አጥንቱን አወጣሁ። የቀረውን ሥጋ እኩል እኩል አድርጌ ቆረጥኩ፤ ያልተስተካከለውን ለብቻ ጠብሼ ራሴ በላሁት። ትራፊውን በሙሉ ጉድጓድ ከተትኩ፣ አመዴን ነሰነስኩ፣ መሬቱን በውኃ አጠብኩ።

ጎረቤታችን በአጥሩ አሻግራ አየችኝ።

«መምህር፣ ሰው ገድለህ ነው?»

«ዓሣ ነው» አልኳት።

«ለዓሣ ይህን ያህል?»

ሻይ ማጥለያዋን እንድታውሰኝ ጠየቅኋት፤ ይዛ መጥታ ከጎኔ ቆመች። አርዴቡን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፌ በእጄ አሸሁት፤ ዘሩንና ቃጫውን አውጥቼ አጠለልኩት። ድስት ላይ ጥጄ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ቁንጣሪ ሚጥሚጣ ጨመርኩበት። ከዚያ ስኳሩን አነሣሁ።

«ስኳር ለዓሣ?» አለች።

«ጎምዛዛውን ለማመዛዘን ነው። ምክንያቱ ምን መሰለሽ፣ ምላስ ላይ…»

«ምክንያቱን ተወውና አማስለው፣ ሊያርርብህ ነው።»

አማሰልኩት። መጀመሪያ ውኃ ይመስላል፤ ቀጥሎ በዳር በዳሩ መንተክተክ ይጀምራል፤ በመጨረሻ ማንኪያው ሲገለበጥ አይንጠባጠብም። ዓሣውን በዘይት ጠብሼ ድስቱ ውስጥ ከተትኩትና በሁሉም ጎን አርዴቡ እስኪይዘው ቀስ ብዬ አገላበጥኩት። ላዩ ላይ የተቆላ ሰሊጥ ነሰነስኩ። በአጨዳ ወቅት ሰሊጥ ከጫማ ውስጥም ስለማይጠፋ ፍለጋ አልወጣሁም።

ልጃቸው ከቀትር በኋላ ደረሰ። የመንገዱ አቧራ ቅንድቡ ላይ ነበር። እናቱን ስሞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እንዴት ነዎት እናቴ?»

«ደኅና ነኝ። አንተ ግን ከስተሃል። ጎንደር እህል የለም እንዴ?»

«እኔን ተዉኝ። እርስዎ በሉ ወይ?»

«ሊበሉ ነው» አልኩና ሳህኑን አቀረብኩ።

ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ እኩል እኩል የተቆረጠ፣ ነጭ ሰሊጥ ጣል ጣል ያለበት ነበር። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ምግብ ሁሉ ያማረው እሱ ነው። ዓሣ መሆኑን ግን በማየት ሊያውቅ የሚችል ሰው አልነበረም።

እማማ ሽታውን ሳቡት። ምራቃቸውን ሲውጡ አይቻለሁ፤ ልጃቸውም አይቷል። እጃቸውን ዘረጉ። ሳህኑ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ምንድን ነው?»

«ዓሣ ነው እማማ።»

«ምን ዓሣ?»

«ቀረሶ።»

«ቅርፊቱስ?»

«ፋቅሁት።»

«ቆዳውስ?»

«ገፈፍኩት።»

«ራሱስ? ጅራቱስ?»

«ቆረጥኩት።»

እጃቸውን መለሱ። «ታዲያ በምን ይታወቃል?»

ዓሣ ባለበት አገር ላልኖረ ሰው ማስረዳት አለብኝ። ክርስቲያኑ የሚበላው ክንፍና ቅርፊት ያለውን ዓሣ ነው። አምባዛ ደግሞ ጢም ያለው፣ ሰውነቱ ልሙጥ፣ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ነው፤ ስለዚህ አይበላም። ይህን ሕግ አውቀዋለሁ፤ ቀረሶ የገዛሁትም ለዚሁ ነው። ያላወቅሁት የቤቱን ልማድ ነበር። በእነሱ ዘንድ ዓሣ የሚሠራ ሰው ወይ ከነጅራቱ ያቀርባል፣ ወይ አንዱ ቁራጭ ላይ ትንሽ ቆዳ ከነቅርፊቱ ይተዋል። እንግዳው አይጠይቅም፣ ሠሪውም አይናገርም። አይቶ ይበላል። እኔ የሚታየውን ነገር በሙሉ አጽድቼ ጣልኩት፤ የተረፈውን ደግሞ ጥቁር ቀባሁት።

ማስረዳት ጀመርኩ። የቀረሶን አካል ከነመተንፈሻው አስረዳሁ። ሁለቱ ዓሦች በሥጋቸውም እንደሚለዩ ተናገርኩ። «የቀረሶ ሥጋ ነጭ ነው፣ የአምባዛ ግን ቀላ ያለ ነው» አልኩ። እማማ ሳህኑን አዩት። ጥቁር ነው።

አንዱን ቁራጭ ከፍዬ ውስጡን አሳየኋቸው። አርዴቡ ጠልቆ ገብቷል።

«እናቴ፣ መምህር ይዋሻል እንዴ?» አለ ልጃቸው።

«አይዋሽም። ጋይንቴ ይሁን እንጂ አይዋሽም። ግን ጋይንት ዓሣ የት አለና ነው ለይቶ የሚያውቀው? የሰጡትን ይዞ ይመጣል እንጂ። ከእሱ በፊት የነበረው አስተማሪ ዓመቱን ሙሉ አምባዛ ሲበላ ከርሞ፣ ሊዛወር ሲል ነው የነገርነው።»

«ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁትም?» አልኩ።

«ደስ ብሎት ይበላ ነበር» አሉ እማማ።

ልጃቸው ተነፈሰ። ሳህኑን አይቶ፣ እናቱን አይቶ፣ እኔን አየኝ። «ደክመሃል መምህር፣ እግዜር ይስጥህ» አለኝ። «እንግዲህ መኪናው ማታ ጭኖ ይጨርሳል። ጠዋት እንነሣለን፤ ጎንደር ሐኪም ያያቸዋል።» ጎንበስ ብሎ ከአልጋው ሥር የእናቱን የልብስ ሣጥን እስከ ግማሹ ሳበው።

እማማ ሣጥኑን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ቅርፊቱን የት ጣልከው?»

«ጉድጓድ። ሄጄ ላምጣው።»

«ተው። አንተ አጥበህ ነው የምታመጣው።»

ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው እግራቸውን መሬት ላይ አወረዱ። ልጃቸው «ይተኙ እንጂ» ብሎ ብድግ አለ። «ዱላዬን አቀብለኝ» አሉት። አቀበላቸው።

ከታመሙ ወዲህ ከአልጋ የሚወርዱት ሰው ግራና ቀኝ ይዟቸው ነበር። ያን ቀን ማንም አልያዛቸውም። ቀስ እያሉ ሄዱ፤ በሩ ላይ ቆመው ትንፋሽ ወሰዱ፤ ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ ጓሮ ዞሩ። ልጃቸው እጆቹን ዘርግቶ ከኋላቸው፣ እኔ ከእሱ ኋላ፣ ሻይ ሻጯ ደግሞ አጥሩን ተከትላ በወዲያ በኩል። የሻይ ማንቆርቆሪያዋን ምድጃ ላይ ጥላ ነው የመጣችው።

ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ እማማ አመዱን በዱላቸው ይቆሰቁሱ ጀመር። የዓሣው ራስ የለም። ቆዳው የለም። አጥንቱም የለም። የግቢው ድመት አጥሩ ሥር ተቀምጣ ፊቷን ታብስ ነበር።

«ምስክሮቹን በላቻቸው» አለች ጎረቤታችን።

እማማ ዱላቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉ። ልጃቸው ሊይዛቸው እጁን ሰደደ፤ በክርናቸው ገፉት። ከአመዱ ውስጥ በሁለት ጣታቸው አንድ ነገር አነሡና እፍ ብለው ፀሐይ ላይ ያዙት። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ነው። ድመት ቅርፊት አትበላም። አንድ ሌላ አነሡ፤ ደግሞ ሌላ። መዳፋቸው ላይ ደረደሯቸው።

«ቀረሶ ነው» አሉ።

«ወላሂ ቀረሶ ነው» አለች ጎረቤታችን ተንጠራርታ አይታ። ከዚያ ትንሽ አሰበች። «ግን እኮ ይኼ ቅርፊት የሌላ ዓሣ ሊሆን ይችላል። ሳህኑ ላይ ያለው የዚህ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ» አሉ እማማ። «ርቦኛል።»

ልጃቸው ሊደግፋቸው ዘርግቶት የነበረውን እጅ መልሶ ኪሱ ከተተ።

ቤት ተመልሰን ተቀመጥን፤ ጎረቤታችንም በበሩ ዞራ መጣች። እማማ እጃቸውን ታጠቡና አንድ ቁራጭ አነሡ። ቀስ ብለው አላመጡ። ዐይናቸውን ጨፈን አድርገው ከፈቱ። ሁለተኛውን አነሡ። ጎረቤታችን ከዚያው ሳህን ከወዲያኛው ጫፍ ጀመረች።

«ስኳር አብዝቷል» አለች።

«አላበዛም። አርዴብሽ ነው የጎመዘዘው።»

«አርዴቤን ስትጠጪው ከርመሽ ዛሬ ነው የጎመዘዘሽ?»

«ታምሜ ሳለሁ መድኃኒት ነበር። አሁን ድኛለሁ፣ እውነቱን ልናገር።»

ልጃቸው እነሱን ሲያይ እሱም አማረውና እጁን ወደ ሳህኑ ሰደደ። እማማ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

«ይኼ የበሽተኛ ነው» አሉት። «አንተ እዚያ ማሰሮው ጋ ወጥ አለልህ።»

ወጡን አውጥቶ በላ። እጁን ሊታጠብ ሲነሣ በግማሽ ወጥቶ የነበረውን ሣጥን በእግሩ ገፍቶ አልጋው ሥር መለሰው። ስለ ጎንደር ያነሣ ሰው አልነበረም፤ እኔም ላስረዳ አልኩና ተውኩት።

ጠዋት መኪናው መንገዱ ላይ ቆሞ ጥሩንባውን ነፋ። እማማ እስከ በሩ ሸኙት። ለልጅ ልጆቻቸው በፌስታል የአርዴብ ጥፍጥፍ አስያዙት። እኔ እስከ መኪናው ድረስ ሄድኩ፤ አሠራሩን በጋቢናው መስኮት አስረዳሁት። ማንኪያውን መገልበጡ ጋ ስደርስ መኪናው ተነሣ። ለእናቱ በተያዘው ቦታ ላይ ሾፌሩ ከኋላ አልበቃ ያለውን አንድ ጆንያ ሰሊጥ አስቀምጦ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሽንፋ እስካለሁ ድረስ ዓሣ በሠራሁ ቁጥር ቅርፊቱን አጥቤ፣ በትንሽ ሳህን አድርጌ፣ ከትልቁ ሳህን ጎን አቀርባለሁ። ጅራቱን ብትተው አይቀልም ወይ ያሉኝ አሉ። ጅራቱ አስቀያሚ ነው። እማማ ትንሹን ሳህን ያነሣሉ፣ ብርሃን ላይ አድርገው ያያሉ፣ ለጎረቤታቸው ያቀብላሉ። እሷም ሕጉ ባይመለከታትም አይታ ትመልሳለች። ከዚያ ይበላል።

አንድ ዓመት አዲስ የሒሳብ አስተማሪ ተመድቦ መጣና ምሳ ጋበዝነው። ትንሹ ሳህን ሲደርሰው አመስግኖ ተቀበለ፤ በማንኪያ ዘገነና አፉ ከተተው። እኔ ላስረዳው አፌን ስከፍት እማማ በዐይናቸው ከለከሉኝ። ብዙ ጊዜ አላመጠ።

«ጨው ትንሽ ያንሰዋል» አለ።

እማማ ጨው አቀበሉት።